የጂሊያን ዝምታ፦ በተጓዳኝ ልቦለድና በቪዲዮ ጌም ዓለም መካከል ስለሚፈጠር የትረካ መፋለስ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2012 ዴል ሬይ የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ «ማስ ኢፌክት፦ ዲሴፕሽን» የተሰኘ ልቦለድ ለገበያ አቀረበ። መጽሐፉ የካናዳው ባዮዌር ካዘጋጀው «ማስ ኢፌክት» የቪዲዮ ጌም ጋር ተያይዘው ከታተሙት ልቦለዶች አራተኛው ሲሆን፣ ደራሲው ዊሊያም ሲ. ዲትዝ ነው። አንባቢዎች መጽሐፉን እጃቸው ባስገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ ረዥም የጋራ ሰነድ አዘጋጁ። ብዙም ሳይቆይ አሳታሚውና ባዮዌር በአንድነት ይቅርታ ጠየቁ፤ በቀጣይ እትሞች ማስተካከያ እንደሚደረግም አስታወቁ። አንድ የመዝናኛ ልቦለድ ከታተመ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው አሳታሚውን ይቅርታ ማስጠየቁ በመጻሕፍት ንግድ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው።

ክስተቱን የአድናቂዎች ጫጫታ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በሰነዱ ከሰፈሩት ነጥቦች መካከል የጊዜ ስሌትን፣ የጦር መሣሪያንና የልዩ ልዩ ምናባዊ ፍጡራንን ጠባይ የሚመለከቱት፣ ጌሙን ተጫውቶ ለማያውቅ ሰው ከቁም ነገር የሚገቡ አይደሉም። አንዳንዶቹ ደግሞ ስሕተት ሳይሆኑ የጣዕም ቅሬታ ናቸው። ካይ ሌንግ የተባለው ነፍሰ ገዳይ ሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ የባለቤቱን የቁርስ እህል መብላቱና በአበባ ማሰሮ ውስጥ መሽናቱ ብዙ መሳለቂያ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይራበውም የሚል ሕግ በየትኛውም የማስ ኢፌክት ጌም ውስጥ አልተጻፈም። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ተለይቶ የሚታይ አንድ ነጥብ አለ። በ2008 በታተመው ሁለተኛው ልቦለድ ጂሊያን ግሬይሰን ኦቲዝም ያላት የ12 ዓመት ልጅ ናት። በአራተኛው ልቦለድ ጂሊያን አለች፤ ኦቲዝሙ ግን የለም። አልዳነም፣ አልተሻሻለም፣ ተደበቀም አልተባለም። እንዳልነበረ ሆኗል።

የትረካ መፋለስ ሲባል በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አስቀድሞ እውነት ተብሎ የተቀመጠ ነገር በኋላ በመጣ ሥራ ያለ ምክንያት ሲፈርስ ማለት ነው። በርእሱ ላይ የሚካሄደው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ መፋለሶችን በቁጥር ይመዝናል፤ ብዙ ስሕተት ያለበት መጽሐፍ መጥፎ፣ ጥቂት ያለበት ደግሞ የተሻለ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህ ይለያል። የቀን፣ የቦታና የሠራዊት ብዛት መፋለስ ምንም ቢገዝፍ አንባቢና አዘጋጅ ተጋግዘው ሊያስታርቁት ይችላሉ። የአንድን ሰው ማንነት የሚነካ መፋለስ ግን ትንሽ ቢመስልም ላይታረቅ ይችላል፤ ለማስታረቅ የሚደረገው ሙከራ ራሱ ሌላ ጉዳት ይዞ ይመጣልና።

መፋለስ ለምን እንደሚፈጠር ለመረዳት የተጓዳኝ ልቦለድን አሠራር ማየት ይገባል። ደራሲው የዓለሙ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ ጌሙን የሚሠራው ድርጅት ነው፤ ደራሲው በውል ተቀጥሮ፣ ድርጅቱ ያዘጋጀውን የትረካ መዝገብ፣ ማለትም የሰዎቹን፣ የቦታዎቹንና የዘመናቱን ዝርዝር የያዘ ሰነድ ተቀብሎ ይጽፋል። የጽሑፉ ጊዜ አጭር ነው። መጽሐፉ በአብዛኛው ጌሙ በሚወጣበት ሰሞን ገበያ ላይ እንዲገኝ ስለሚፈለግ፣ ደራሲው የሚጽፈው ጌሙ ገና በመለዋወጥ ላይ ሳለ ነው። ጌም ደግሞ እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ይለዋወጣል፤ አንድ ምዕራፍ ይቆረጣል፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ሞቶ የነበረው ይነሣል። መጽሐፉ አንዴ ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ግን አይንቀሳቀስም። «ሬዚደንት ኢቭል» የተባለውን ጌም ከ1998 ጀምሮ ወደ ልቦለድ የመለሰችው ኤስ. ዲ. ፔሪ የገጠማት ይኸው ነው፤ መጻሕፍቷ ከታተሙ በኋላ የወጡት ጌሞች የገጸ ባሕርያቱን ውሎ በሌላ መንገድ ተረኩት። በእርሷ ጉዳይ ስሕተቱ የማን ነው ቢባል የማንም ነው። ዓለሙ ከመጽሐፉ ሥር ተንቀሳቀሰ እንጂ መጽሐፉ አልሳተም።

በማስ ኢፌክት ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ይኸውም የጌሙ ታሪክ ለሁሉም ተጫዋች አንድ አለመሆኑ ነው። ዋናው ባለታሪክ ኮማንደር ሼፐርድ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። በ2007 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ፍጻሜ ላይ የሰው ልጆችን ወክሎ ወደ ከፍተኛው ምክር ቤት የሚገባውን ሰው፣ ከዴቪድ አንደርሰንና ከዶኔል ዩዲና አንዱን፣ የሚመርጠውም ተጫዋቹ ነው። በሦስተኛው ጌም ግን ማንም ይመረጥ ማን ወንበሩ ላይ የሚገኘው ዩዲና ነው። በመካከል የሚጻፍ ልቦለድ ከሁለቱ አንዱን ከጠራ ከተጫዋቾቹ ገሚሱን ያስቀይማል፤ ሁለቱንም ካልጠራ አንካሳ ይሆናል። ሼፐርድን በተመለከተ እንግሊዝኛ ለደራሲው መሸሸጊያ ይሰጠዋል፤ ተውላጠ ስሙን ካስቀረ ጾታው አይታወቅም። አማርኛ በዚህ ረገድ ይጨክናል፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይሉ አንድ ዐረፍተ ነገር መግፋት አይቻልም። ደግነቱ ሼፐርድ የጦር አዛዥ ናቸው። «ኮማንደር ሼፐርድ መጡ» ቢባል ማዕረጉ ጾታውን ይሸፍናል፤ አንቱታ ለአክብሮት ብቻ ሳይሆን ለትረካ ተከታታይነትም ያገለግላል ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ልቦለዶች ይህ ችግር በብዛት አልታየም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከ2007 እስከ 2010 የታተሙትን «ሪቬሌሽን»፣ «አሴንሽን» እና «ሪትሪቢውሽን» የተሰኙ መጻሕፍት የጻፈው ድሩ ካርፒሺን፣ የመጀመሪያው ጌም ዋና ጸሐፊ የነበረና በሁለተኛውም ከፍተኛ ድርሻ የያዘ ሰው ነበር። መዝገቡ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ ውስጥ ነበር። እርሱ በዚያው ድርጅት ውስጥ ወደ «ስታር ዋርስ» ጌም ሥራ ሲዛወር አራተኛው መጽሐፍ ለዲትዝ ተሰጠ። ዲትዝ ጀማሪ አልነበረም፤ ብዙ የሳይንስ ልቦለዶች የጻፈ፣ ከዚያም ቀደም በ2003 የመጀመሪያውን የ«ሄሎ» ጌም ወደ መጽሐፍ የመለሰ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በአንድ ደራሲ ድክመት ብቻ መተርጎም አያስኬድም። ከመዝገብ ይልቅ በሰው ትዝታ ላይ የቆመ ዓለም፣ ያ ሰው ሲሄድ ምን እንደሚቀረው የሚያሳይ ነው። ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ማንበብና ማረም የሚገባቸው ሰዎች በሁለቱም ድርጅቶች ውስጥ ነበሩ፤ የጋራው ይቅርታ ይህን በተዘዋዋሪ ያምናል።

የሚታረቀው መፋለስ ምን እንደሚመስል ለማየት የዚሁ የሄሎ ዓለም ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤሪክ ናይለንድ «ዘ ፎል ኦፍ ሬች» የተባለውን ልቦለድ በሰባት ሳምንት ውስጥ ጻፈ፤ መጽሐፉ በኦክቶበር 2001 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው የሄሎ ጌም ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ታተመ። ተጓዳኝ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ መጽሐፉ ጌሙን ቀደመው። ተጫዋቾች በማዕረጉ ብቻ የሚያውቁት ጀግና ጆን የሚል ስም እንዳለው የተናገረው መጽሐፉ ነው፤ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ተሰርቆ ወታደር መደረጉንም እንዲሁ። በስድስት ዓመታቸው የተነጠቁት ሕፃናት ታሪክ፣ ፕሮግራሙን የመራችው የዶክተር ካትሪን ሃልሲ የሕሊና ሸክም፣ ይህ ሁሉ ከጌሙ ሳይሆን ከወረቀቱ ወደ ዓለሙ የገባ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ሬች የተባለችው ፕላኔት በጠላት የተመታችው ኦገስት 30 ቀን 2552 ሲሆን ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል። የጠላት መርከቦች በድንገት ይደርሳሉ፤ ስፓርታኖቹ የመከላከያ መሣሪያዎቹን ኃይል ማመንጫ ለመጠበቅ ወደ ምድር ይወርዳሉ፤ «ፒላር ኦፍ ኦተም» የተባለችው መርከብ ከጠፈር ሆና ተዋግታ ታመልጣለች። ዘጠኝ ዓመታት ያህል አንባቢዎች ይህን እንደ ታሪክ ያዙት። በሴፕቴምበር 2010 ባንጂ የተባለው አዘጋጅ «ሄሎ፦ ሬች» የተሰኘውን ጌም አወጣ። በጌሙ ውስጥ ጠላት ሬች ላይ የተገኘው ጁላይ 24 ቀን ነው፤ ውጊያው ከወር በላይ ይዘልቃል፤ ከተሞች ይፈርሳሉ። መርከቧም ጠፈር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ የመርከብ ማፍረሻ ስፍራ ውስጥ ቆማ ትገኛለች። በዚህ ላይ የጌሙ ጀግኖች በአብዛኛው ሦስተኛው ትውልድ ስፓርታኖች ናቸው። ናይለንድ ራሱ በ2006 ባሳተመው «ጎስትስ ኦፍ ኦኒክስ» ውስጥ ግን የዚህ ትውልድ መኖር ለዶክተር ሃልሲ እንኳ የተሰወረ ምስጢር ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ ተሳስቶ እንደ መጻፍ አይደለም፤ የአንድ ሙሉ ጦርነት ታሪክ ነው የተቀየረው። ሆኖም ታረቀ፤ ቢያንስ ለመታረቅ በቃ። ጌሙ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቶር የተባለው አሳታሚ የናይለንድን መጽሐፍ ታርሞና ተጨምሮበት ዳግም አሳተመው። ከጌሙ ልዩ እትሞች ጋርም የዶክተር ሃልሲ የግል ማስታወሻ ተብሎ የተዘጋጀ ትንሽ ደብተር አብሮ ተሸጠ። ደብተሩ በባለታሪኳ እጅ የተጻፈ መስሎ የቀረበ ሲሆን፣ አንዱ ተግባሩ በመጽሐፉና በጌሙ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ሃልሲ ከእርሷ የተሰወረውን ነገር አስቀድማ ጠርጥራው እንደ ነበር ያሳያል። አንባቢው ከዚህ ተነሥቶ የቀረውን ራሱ ይገጣጥማል፤ ወታደራዊ ሳንሱር ነበር፣ ዜናው ለሕዝብ ዘግይቶ ደረሰ፣ አንዱ ምስክር ያየውን ሌላው አላየም። ጦርነት ለእንዲህ ያለ ማስታረቂያ ይመቻል፤ በእውነተኛው ዓለምም ቢሆን የአንድ ውጊያ ሁለት ዘገባዎች በቀንና በቁጥር ሲስማሙ እምብዛም አይታይም። ቅር የተሰኙ አንባቢዎች አሁንም አሉ፤ ቅሬታቸውም ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ባንጂ ያደረገው ዐውቆ ነው። የተሻለ ጌም ለመሥራት ሲል የመጽሐፉን አንድ ቀን ወደ አምስት ሳምንታት ዘረጋው፤ ዋጋውንም ለመክፈል ሞከረ።

አንባቢዎች እንዲህ ያለውን የማስታረቅ ሥራ የጀመሩት በቪዲዮ ጌም ዘመን አይደለም። የአርተር ኮናን ዶይል ዶክተር ዋትሰን በ1887 በታተመው የመጀመሪያው የሼርሎክ ሆምዝ ልቦለድ ውስጥ አፍጋኒስታን ላይ ትከሻውን ቆስሏል፤ በ1890 በወጣው ሁለተኛው ልቦለድ ቁስሉ እግሩ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያ ስሙ ጆን ሆኖ ሳለ በአንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ ሚስቱ ጄምስ ብላ ትጠራዋለች። ሮናልድ ኖክስ በ1911 ባቀረበው ጽሑፍ እነዚህን ታሪኮች ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስን በሚመረምሩበት መንገድ በቀልድ መረመራቸው፤ ቀልዱ ግን ወደ ቁም ነገር አደገ። ዶረቲ ሴየርስ የዋትሰን ሁለተኛ ስም መነሻ ፊደል «ሄሚሽ» የተባለው የስኮትላንድ ስም ነው፣ ሄሚሽ ደግሞ ጄምስ ማለት ነው ስትል ሚስቱን ከስሕተት አዳነቻት። ዛሬ አድናቂዎች የአንድ ምናባዊ ዓለም ሕጋዊ ታሪክ የሚሉትን «ቀኖና» ብለው መጥራታቸውም ከዚሁ ወግ የመጣ ነው።

ቀኖና የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የሰማንያ አሐዱ መጻሕፍትን ቁጥር ያስታውሳል። በዚያው የሊቃውንት ወግ ውስጥ የአንድምታ ትርጓሜ አለ። የአንድምታ መምህር ለአንድ ኃይለ ቃል አንድ ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ዳግመኛ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይደርባል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አያፈርሰውም። የጌም አድናቂው ቀኖና ከዚህ ይጠብባል። እርሱ የሚፈልገው አንድ ፍቺ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቁስል ነው። ለዚህም ነው መፋለስ ባገኘ ጊዜ ከመምህሩ ይልቅ ወደ ዳኛ የሚቀርበው፤ ማስረጃ ይሰበስባል፣ ሰነድ ያዘጋጃል፣ ፍርድ ይጠይቃል። ሥራው ደመወዝ የሌለው የጽሑፍ ምርመራ ነው። በ2012 የተዘጋጀው ሰነድ ደራሲውና አርታኢዎቹ በክፍያ ሊሠሩት የሚገባውን አንባቢዎች በነፃ እንደ ሠሩት ያሳያል።

ወደ ጂሊያን እንመለስ። በ«አሴንሽን» ውስጥ ጂሊያን የምትማረው በጆን ግሪሰም አካዳሚ ነው። ባዮቲክ የሚባለው ችሎታ፣ ማለትም ነገሮችን ሳይነኩ በአእምሮ የማንቀሳቀስ ኃይል ያላቸው ልጆች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነው። መነካት ያማታል። ጥቂት ትናገራለች፤ ለሚጠይቋት ሁሉ አትመልስም። አሳዳጊ አባቷ ፖል ግሬይሰን የአንድ ምስጢራዊ ድርጅት ሰው ነው፤ በድርጅቱ ትእዛዝ ሳታውቀው የሚሰጣት መድኃኒት ችሎታዋን ያጎለብታል፣ እርሷን ግን ይጎዳል። ካርፒሺን ገጸ ባሕርይዋን ሲቀርጽ እንከን የለሽ ነበር ማለት አይቻልም። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከልዩ ኃይል ጋር ማጣመር የቆየ ልማድ ነው፤ ሁልጊዜም ጤናማ አይደለም። ይሁን እንጂ የልጅቱ ዝምታ በመጽሐፉ ውስጥ ባዶነት አይደለም። አንባቢው ብዙውን ነገር በእርሷ ዐይን ባያይም፣ በዙሪያዋ ያሉት አዋቂዎች ዝምታዋን እንዴት እንደሚያነቡት፣ ማን በትዕግሥት ማን በጥቅም እንደሚቀርባት ያያል። የመጽሐፉ የሥነ ምግባር ሚዛን የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው የመጨረሻው ክፍል ነው። ጂሊያን ኳሪያን ከሚባሉት ሕዝቦች መርከብ ላይ ትደርሳለች። ኳሪያኖች በሽታን የመቋቋም አቅማቸው ደካማ ስለ ሆነ ዘወትር ሰውነታቸውን ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ልብስ ለብሰው ይኖራሉ። ለጂሊያን ይህ ልብስ ዕረፍት ሆነላት። ማንም የማይነካት፣ ፊቷን ማንም የማያነብባት በዚያ ውስጥ ነው፤ ሁሉም እንደ እርሷ በሚሆንበት ሕዝብ መካከል ልዩ መሆኗ ቀረ። መድኃኒቱም ተቋርጧል። ትናገር ጀመር። ይህ መሻሻል እንጂ መዳን አይደለም፤ የተለወጠው ልጅቱ ሳትሆን ያለችበት ቦታ ነው። ለእንዲህ ያለ የንግድ ልቦለድ ይህ በቀላሉ የማይገኝ ማስተዋል ነው።

«ዲሴፕሽን» የሚጀምረው በዘመን ቆጠራው መሠረት ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጂሊያን 15 ዓመት ሊሆናት ሲገባ መጽሐፉ ከዚያ የበለጠ ዕድሜ ይሰጣታል። የአባቷን ሞት ለመበቀል ትነሣለች፤ ትነጋገራለች፣ ትቆጣለች፣ ትጓዛለች። በመርከቡ አብሯት የቀረው ጠባቂዋ ሄንደል ሚትራም ተለውጧል፤ በ2008ቱ መጽሐፍ ወደ ወንዶች የሚያዘነብል መሆኑ የተጠቀሰው ሰው በዚህኛው ለሴቶች ሲሳብ ይታያል። የሁለቱ ለውጥ አንድ ባሕርይ አለው። ደራሲው የሰዎቹን ስም፣ ዝምድናና ታሪካዊ ድርጊት ከመዝገቡ ወስዷል፤ ሰዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ግን አልወሰደም። መዝገብ ድርጊትን ይይዛል፤ ጠባይን ለመያዝ መጽሐፉን ማንበብ ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንባቢው እንደ ሴየርስ ያስታርቅ እንበል። አንደኛው መንገድ የዕድሜውን ስሕተት ማረም ነው፤ ይህ ቀላል ነው፣ አንድ ቁጥር ይቀየራል። ሁለተኛው ጂሊያን በሦስት ዓመት ውስጥ ተሻሽላለች ማለት ነው። የ2008ቱ መጽሐፍ ለዚህ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። ነገር ግን መሻሻል ከነበረበት ወደ ደረሰበት የሚወስድ መንገድ አለው፤ በአራተኛው መጽሐፍ መንገዱም መነሻውም አይታይም። ሦስተኛው መንገድ መጀመሪያውኑ ኦቲዝም አልነበራትም፣ መድኃኒቱ ነው እንደዚያ ያደረጋት ማለት ነው። ይህ በጽሑፍ ምርመራ ረገድ ከሁሉ የጸዳ መልስ ይመስላል፤ ሁለቱንም መጻሕፍት ያስማማል፣ ምንም አያስተርፍም። የሚያስከፍለው ግን ከባድ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ ሰው የተከበረችው ልጅ የምርመራ ስሕተት ሆና ታርፋለች፤ ኦቲዝምም በመድኃኒት የሚመጣና መድኃኒቱ ሲቆም የሚሄድ ነገር ይሆናል። ኦቲዝም ግን ከልደት ጀምሮ ከአእምሮ ዕድገት ጋር አብሮ የሚሄድና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው እንጂ ሰው አድጎ የሚጥለው ልብስ አይደለም። በገጸ ባሕርይዋ ውስጥ ራሱን ወይም ልጁን ያየ አንባቢ በዚህ እርቅ ይቀበል ዘንድ የሚጠየቀው የራሱን መሰረዝ ነው።

የዋትሰን ቁስል ከትከሻ ወደ እግር ሲወርድ ማንም አልቆሰለም። የሬች ጦርነት ከአንድ ቀን ወደ አምስት ሳምንት ሲረዝም ቅር የተሰኘ አለ፤ የተዋረደ ግን የለም። ስለዚህ ሰነዱን ያዘጋጁት አንባቢዎች የጂሊያንን ጉዳይ ከመሣሪያውና ከቀኑ ጋር በአንድ ተራ ማስፈራቸው ከአሠራሩ የመጣ ነው። የተከታታይነት ቋንቋ «ትክክል» እና «ስሕተት» እንጂ «በደል» የሚል ቃል የለውም። አሳታሚውና ባዮዌር የሰጡት ይቅርታም በዚያው ቋንቋ ተጻፈ፤ ስለ ስሕተትና ስለ ግድፈት ተናገረ፣ ልጅቱን በስም አላነሣም። በውይይቱ ውስጥ አንዳንዶች ይህን ነጥብ ለይተው አንሥተዋል፤ ይሁን እንጂ ድምፃቸው በዝርዝሩ ርዝመት ተዋጠ። መቶ ስሕተት በተቆጠረበት ቦታ አንዱ ከዘጠና ዘጠኙ እንደሚለይ ማስረዳት ይከብዳል።

ተጓዳኝ ልቦለዶችን የሚያጠና ሰው እዚህ ላይ ሊጠይቀው የሚገባ የአሠራር ጥያቄ አለ። መፋለሶችን የሚመዘግቡ አጥኚዎች ብዙ ጊዜ በሥራዎቹ የሥልጣን ደረጃ ይጀምራሉ፤ ጌሙ ከላይ፣ ልቦለዱ ከታች፣ ሁለቱ ሲጋጩ ልቦለዱ ይሸነፋል። ይህ ደንብ ለሬች ይሠራል። ለጂሊያን አይሠራም፤ ጂሊያን በጌሞቹ ውስጥ በአካል አልታየችም። የተጋጩት ሁለት እኩል ሥልጣን ያላቸው መጻሕፍት ናቸው፤ በደንቡ መሠረት ደግሞ የኋለኛው ሊያሸንፍ ይችላል። ደንቡን ብቻ ይዞ የሚሄድ አጥኚ የጂሊያን ኦቲዝም «ከቀኖና ወጥቷል» ብሎ መጻፍ ይገደዳል። አንባቢዎቹ ይህን አላደረጉም፤ ባለሥልጣን ሳይጠይቁ የ2008ቱን ልጅ ይዘው የ2012ቱን ጣሉ። ምርጫቸው ከደንብ የመጣ አይደለም፤ ሰውን ያየው መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ ስላወቁ ነው።

መጽሐፉ በወጣ በአምስት ሳምንቱ፣ ማርች 6 ቀን 2012፣ ሦስተኛው ጌም ወጣ። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ ተማሪዎችን ለማስመለጥ ወደ ግሪሰም አካዳሚ ይሄዳል፤ የሚቀበሉት የጂሊያን አስተማሪ የነበሩት ካህሊ ሳንደርስ ናቸው። ተጫዋቹ በ2010 በወጣው «ኦቨርሎርድ» የተሰኘ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ዴቪድ አርቸርን አድኖት ከነበረ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ያገኘዋል። ዴቪድ ኦቲዝም ያለበት የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ወንድሙ ለምርምር ሲል ከመሣሪያ ጋር አቆራኝቶት ድምፅ በሚጮኽበት ክፍል ውስጥ ሲሠቃይ ነበር። አሁን ተረጋግቷል፤ ያዳነውን ሰው ያስታውሳል። ጂሊያን በትምህርት ቤቱ አትገኝም፤ ስለ እርሷ የሚጠይቅ ተጫዋችም ከካህሊ ሳንደርስ ጋር በሚያደርገው ንግግር ውስጥ ለጥያቄው የሚሆን ምርጫ አይቀርብለትም።